ተማሪዬና ፍየሏ የጠጡት ቀለም

አሶሳ አጠገብ ባለች ትንሽ መንደር ልጆችን ቁርአን አስተምር ነበር። ሰው ሁሉ «ፋኪ» ይለኛል፤ በእኛ አገር የቁርአን መምህር ማለት ነው። ትምህርት ቤቴ ግድግዳው ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ አንድ ዳስ ነው። ተማሪዎቼ አሥራ ስምንት ነበሩ፤ አሥራ ሰባቱ ወንዶች፣ አንዷ ሴት። የምነግራችሁ ስለ ሴቷ ነው። ያን ጊዜ የምንነጋገረው በበርታ ቋንቋ ነበር። አማርኛን የለመድኩት ከደጋ ሰዎች ጋር ስገበያይ፣ ጢሜ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ፣ የመንደሬን ሰዎች ንግግር በትክክል ሳላደርሰው ብቀር ጥፋቱ የእኔ ነው።

ልጅቷን ያመጣችልኝ እናቷ ናት። ባሏ ሞቶባት፣ ከወንዝ ወርቅ እያጠበች የምትኖር፣ ገና ከሩቅ ድምፅዋ የሚቀድማት ሴት ነበረች።

«ፋኪ፣ ይቺ ልጅ አንዴ የሰማችውን አትረሳም» አለችኝ። «ጆሮውን አላህ ሰጥቷታል፤ የቀረውን እርስዎ ይጨምሩበት።»

ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። በዚያን ጊዜ ሁሉም ተማሪ አንድ ሉህ ይይዛል፤ ሉህ ማለት የዕለቱ ትምህርት የሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ቀለሙን ከድስት ቂጥ በተፋቀ ጥላሸትና በግራር ሙጫ እንበጠብጠዋለን። ልጁ ትምህርቱን አጥንቶ ሲጨርስ ሉሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። ልጅቷ ሉሁን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጣቷን በፊደሉ ላይ እየነዳች፣ አንድም ሳትስት ታነብልኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ኮራሁባት። የሚመጣውን እንግዳ ሁሉ «እስቲ አንብቢለት» እያልኩ አስደመምኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ሳላስተውል የሌላ ልጅ ሉህ ሰጠኋት። እሷም ጣቷን እየነዳች የራሷን ትምህርት፣ ሉሁ ላይ ጨርሶ የሌለውን ምዕራፍ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንበለበለችው። ጣቷም የሚሄደው ከግራ ወደ ቀኝ ነበር። የእኛ የዓረብኛ ጽሑፍ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እያየሁት አላየሁትም ማለት ነው።

«ይህ ማን ይባላል?» ብዬ አንድ ፊደል አሳየኋት። ጣቷን ከሉሁ ላይ አነሣች። ሌላ አሳየኋት። አለቀሰች።

አለንጋዬን አንሥቼ መታኋት። አሁን ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን አላሳፈረኝም። የጉማሬ ቆዳ አለንጋ የሌለው ፋኪ፣ ጠመንጃ የሌለው ወታደር ማለት ነበር። በነጋታው ፊደሉን ደግሜ ጠየቅኋት፤ አላወቀችውም። በሠልስቱም እንዲሁ። ስትጽፍም አንዱን ፊደል ገልብጣ፣ የአንዱን ነጥብ ለሌላው ሰጥታ ነው።

የመንደሩን ሽማግሌዎች ባማክር መልሱን በአንድ አፍ ነገሩኝ፤ «የሉሁን እጣቢ አጠጣት!» የተጻፈውን ቃል በውሃ አጥቦ መጠጣት በእኛ ዘንድ የታወቀ መድኃኒት ነው። ለሆድ ቁርጠት ይጠጣል፣ ለዓይነ ጥላ ይጠጣል፣ ለፈተና ይጠጣል። እናቷ ይህን ስትሰማ ከቤቷ ትልቁን ቅል ይዛ መጣች።

«የእሷን ብቻ ለምን?» አለች። «የአሥራ ሰባቱንም ይጨምሩበት። የጎበዞቹ ይበልጥ ይሠራል።»

እውነት ለመናገር ሐሳቡ አሳመነኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጅቷ የትምህርት ቤቱን ቀለም በሙሉ ጠጣች። ጥርሷ ጠቆረ፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ስታስነጥስ ልብሴን አጠቆረችው። ፊደል ግን አንድ አልገባትም። እናቷ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆመች።

«ፋኪ፣ ልጄ ሉሁን ሁሉ ጠጥታ ጨረሰች። ፊደሉ የት ገባ?»

ይህን ስትለኝ የመንደሩ ሹም ፍየል ከኋላችን ገብታ፣ የዕለቱን እጣቢ ከነቅሉ ደፍታ ጠጣችው። ፍየሏ መካን ሆና የሰባች፣ ለዐረፋ በዓል የተቀመጠች ነበረች። ሹሙ ሲሰማ እየሮጠ መጣ፤ የመጣው ግን ሊቆጣ አይደለም፤ ፈርቶ ነው።

«ሆዷ ውስጥ ቃሉ እያለ ልትታረድ ትችላለች?» አለኝ።

አላውቅም ነበር። አላውቅም ማለት ደግሞ ለፋኪ ነውር ነው። ስለዚህ «ጉዳዩ ሽማግሌ ይፈልጋል» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሾላው ሥር ተሰበሰብን። አምስት ሽማግሌዎች፣ ሹሙ፣ እኔ፣ ተማሪዎቼ፣ እናትና ልጅ፣ መሃል ላይ ደግሞ በገመድ የታሰረች ፍየል። አንዱ ሽማግሌ፣ «ሦስት ቀን ትቆይ፤ የጠጣችው ይወጣል» አለ። ሌላው፣ «ቃሉ ከገባ አይወጣም፤ ከወጣማ እኛስ ስንጠጣ የኖርነው ለምንድን ነው?» ብሎ ተቆጣ። ሦስተኛው፣ ቃሉ በውስጧ መኖር አለመኖሩ በቅድሚያ ይረጋገጥ አለና ሉህ አምጡላት አለ። አመጡላት። ፍየሏ ሙጫው ጣፍጧት ሉሁን ከቀኝ ወደ ግራ ላሰችው።

«ሱብሃነላህ!» አለ ሹሙ። «አቅጣጫውን አወቀችው!»

እንዳትስቁ። እዚያ የሳቀ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ አንድ አፍታ ልቤ ተከፍሎ ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፤ ፍየሏ አትታረድም፣ አትሸጥም። የቃሉ መያዣ ናትና በዱላም ሆነ በአለንጋ ማንም እንዳይነካት። ሹሙ ለበዓሉ ሌላ ፍየል ይፈልግ።

ሰው ሊነሣ ሲል ልጅቷ ከእናቷ ጎን ተነሥታ ቆመች። ከዚያ በፊት በሕይወቷ ሽማግሌ ፊት ተናግራ የምታውቅ አይመስለኝም።

«እኔ ከፍየሏ የበለጠ ጠጥቻለሁ» አለች። «እሷ አንድ ቀን ነው። እኔ ሁለት ሳምንት። እሷ የማትመታ ከሆነ እኔ ለምን እመታለሁ?»

አምስቱም ሽማግሌዎች ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መሬት።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ነገሩ አንድ ነው» አለ። «ከፍየል ያነሰ ክብር ለሰው ልጅ መስጠት ወላሂ አይቻልም። እሷም አትመታ።»

እናቷ እልልታዋን ለቀቀችው። በነጋታው ጠዋት ዳሴ ስደርስ አሥራ ሰባቱ ወንዶች ልጆች ሉሃቸውን እያጠቡ ሲጋፉና ሲጠጡ አገኘኋቸው። ወደ ቀትር ላይ በትምህርት ቤቴ ውስጥ ሊመታ የሚችል አንድም ሰው አልነበረም፤ ከእኔ በቀር።

አለንጋዬን ዘንጥዬ ለአህያ ጭነት ማሰሪያ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ለዓመታት የማውቀው አንድ ዘዴ ነበር፤ እሱም ተወሰደብኝ። ሌላ ነገር ስላጣሁ ልጅቷን አጠገቤ አስቀምጬ ጠየቅኋት።

«ልጄ፣ ሉሁን ስታይው ምን ይታይሻል?»

ወጥመድ መስሏት ፊቴን አየችና ዘገየች። «ነጥቦቹ እንደ ቁንጫ ናቸው» አለችኝ። «ያዝኩት ስል ሌላ ቦታ ይዘላል። ሌሎቹ ልጆች ቁንጫው ቆሞ እንዴት እንደሚጠብቃቸው አላውቅም።»

እኔም አላወቅሁም። ማታውን እናቷ ቤት ሄድኩና ነገሩን ነገርኳት። እናትየው አሰበችና፣ «የሚገርመው ወንዝ ውስጥ እንዲህ አይደለችም» አለች። «ከአሸዋው መሃል የሰናፍጭ ግማሽ የምታክል ወርቅ ከእኔ በፊት እሷ ታገኛለች።»

«እንዴት?»

«አሸዋውን በጣቷ ታሸዋለች። ለእሷ የሚያይላት እጇ ነው።»

ወርቅ የምታጥብበትን የእንጨት ገበታ ለመንኳት። በማግሥቱ ገበታውን በእርጥብ አሸዋ ሞልቼ፣ ፊደሉን በጣቴ በትልቁ ቦረቦርኩት። ለነጥብ የማሽላ ፍሬ አኖርኩ። በእኛ ጽሑፍ ብዙ ፊደላት ቃል ውስጥ ሲገቡ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው። ከታች አንድ ነጥብ ያለው «ባ» ነው፣ ከላይ ሁለት ያለው «ታ»፣ ከላይ አንድ ያለው «ኑን»። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትከተለዋለች፣ ፍሬዎቹን ትዳስሳለች፣ ስማቸውን ከእኔ ጋር ትላለች። አንድ ፊደል አንድ ሳምንት ፈጀ። አንዳንዱ ሁለት። የተማረችው በነጋታው ሲጠፋ ሁለታችንም ገበታውን አስተካክለን እንደገና እንጀምራለን። ሁለት ወንዶች ልጆችም፣ ሰነፎች እላቸው የነበሩ፣ ሳልጠራቸው ቀስ እያሉ ወደ አሸዋው ቀረቡ።

አንድ ቀን ስለ ሌላ ነገር እያወራሁ ሳለ ጩኸቷን ሰማሁ።

«ፋኪ! ፋኪ! ዶሮዋ ‹ታ›ን ‹ኑን› አደረገችው!»

ዞር ስል የጎረቤት ዶሮ ገበታው ላይ ቆማ፣ ከሁለቱ የማሽላ ፍሬዎች አንዷን ለቅማ ውጣለች። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በዓይኗ ነበር ያነበበችው። ዶሮዋ ሁለተኛዋንም ፍሬ ዋጠች። «አሁን ደግሞ ምንም አደረገችው!» አለችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም የያዝኩትን የሸንበቆ ብዕር ጥዬ አብሬያት ሳቅሁ። ለሳምንት ያህል ያችን ዶሮ ጥሬ እየመጸወትኩ አስጠጋኋት፤ ያነበቡትን እያጠፋች ልጆቹን የምትፈትን እሷ ሆነች።

አጭሮቹን ምዕራፎች ለማንበብ ሁለት ዓመት ፈጀባት። እስከ መጨረሻው ፈጣን አንባቢ አልሆነችም። ረጅሙን ሁሉ የያዘችው በጆሮዋ ነው፤ በጆሮ ያጠናችውን ግን ከእኔ የተሻለ ታውቀው ነበር። ስሳሳት ታርመኝ ጀመር። አድጋ ወደ ባምባሲ በኩል ተዳረች። ከዚያ ስትመጣ፣ ሉህ አንብቢልኝ ስላት ጣቷን ሥር ሥሩ እያስኬደች፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ እያዘገመች ታነብልኛለች።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ገበያ ውስጥ አንድ ጎልማሳ እጄን ሳመ። ከልጅቷ በፊት የነበረ ተማሪዬ ነው። ፊደል አልገባው ብሎ እየገረፍኩት፣ አንድ ቀን ወጥቶ ያልተመለሰ። ያን ሁሉ ዓመት ላገኘው ስፈራ ኖሬያለሁ።

«በድዬሃለሁ» አልኩት።

«ኧረ ፋኪ፣ እኔ ነኝ ድንጋይ የነበርኩት» ብሎ ሳቀ።

«ድንጋይ አልነበርክም። እኔ ነኝ ማስተማር ያላወቅሁት።»

ትሕትና መሰለው። «አላህ ያክብርዎት» ብሎ ፍየል ወደሚሸጥበት ሊያልፍ ሲል፣ መለስ ብሎ ትንሹ ልጁም እንደ እሱ መሆኑን ነገረኝ፤ ነጥቡ እየጠፋበት ነው አለኝ። አምጣልኝ አልኩት። በሳምንቱ ይዞት መጣ። ልጁን አሸዋው ዘንድ አስቀመጥኩት። አባትየው ግን አልሄደም፤ ከልጁ ኋላ ቁጢጥ አለ።

«እኔ አልማርም» አለኝ። «ልጁን ልጠብቅ ነው።»

በአራተኛው ቀን እጁን አሸዋው ውስጥ አየሁት። የማሽላውን ፍሬ ወደ እሱ አስጠጋሁለት።