መርዶ ያልያዘው ሯጭ

ጥሩሰው የአርባ ሰባት ዓመት ሰው ነው። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት ሲሠራ ያየው ትልቁ ፍጥነት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ ሠራተኛው ወደ በሩ የሚሮጠው ሩጫ ነበር። ይህ ሰው ካቻምና ስልኩ ላይ ስለ ተራራ ሩጫ ማንበብ ጀመረ፤ አንብቦም አልቀረ፣ አምና በሀምበሪቾ አካባቢ ለሚካሄደው የሃምሳ ኪሎ ሜትር ውድድር ተመዘገበ።

ሮጠም። ሠላሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ካለው መቆጣጠሪያ የደረሰው ግን ከተወሰነው ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ነው። ቁጥሩን ከደረቱ ነቅለው፣ ባዶ የውኃ ጠርሙስ ከጫነ አይሱዙ ላይ አሳፈሩት። ሰኞ ጠዋት፣ ከወንበሩ ተነሥቶ መስኮት እስኪከፍት ድረስ መንገድ ላይ የሚያርፈው የሥራ ባልደረባው አክሊሉ ተቀበለው።

"ጀግናው! ስንተኛ ወጣህ?"

"አልጨረስኩም።"

"እንዴ፣ ጨርሰሃል እንጂ! በአይሱዙ አንደኛ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "አይሱዙ" ሆኖ ቀረ።

ባለቤቱ አዜብ ደግሞ አጭር ፍርድ ሰጠች። "አንድ ዓመት ጨምሬልሃለሁ። ለከርሞም ካልጨረስክ የሩጫ ጫማህ ለወንድሜ ነው፤ እሱ ቢያንስ ገበያ ይሄድበታል።" አዜብ የማታደርገውን አትናገርም። ጥሩሰው ተንበርክኮ ጸለየ፤ "ጌታ ሆይ፣ አንደኛ አድርገኝ አልልህም፤ እሱን ለለመደው ስጥ። እኔን ሰዓቱ ሳያልፍ ብቻ አድርሰኝ።"

ያነበበው መመሪያ "ማንም የማይረብሽህ ጸጥ ያለ ዳገት ምረጥ" ይላል። የጻፈው ሰው ሀድያን እንዳላየ ግልጽ ነው። ጥሩሰው ግን አመነውና በቅዳሜ ንጋት ወደ ዶዮገና የሚወስዱትን ዳገቶች ተያያዘው። ሦስተኛው ዳገት ላይ ከኋላው ማለክለክ ሰማ። የራሱ መስሎት ነበር፤ ዞር ሲል አርባ የሚሆኑ ሰዎች ናቸው። ወንዶቹ መቆፈሪያቸውን እንደያዙ፣ ሴቶቹ እያለቀሱ ይከተሉታል። በእኛ አገር የሸበተ ሰው በጠዋት ዳገት ከሮጠ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሰው ሞቷል፣ እሱም መርዶ ይዟል።

አቶ ባፈና የሚባሉ የሰባ ዓመት ገበሬ ከዘራቸውን ይዘው፣ አንዳች ሳያለከልኩ አጠገቡ ደረሱ።

"ልጄ፣ የማን ነው?"

"ምኑ አባቴ?"

"ሬሳው ነዋ!"

"ሬሳ የለም። ልምምድ ላይ ነኝ። ተራራ ላይ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ልሮጥ ነው።"

"ምን ጠፍቶብህ?"

አቶ ባፈና ዞረው ለሕዝቡ አስረዱ። ለቅሶው ወዲያው አልቆመም፤ ምክንያቱ ብቻ ተለወጠ። "የዚህስ ይብሳል፤ ገና ጎልማሳ ነው እኮ!" አለች አንዲት ሴት እንባዋን እየጠረገች።

ነገሩ ሦስት ቅዳሜ ሲደጋገም የገጠሩ እድር ጥሩሰውን ለከተማው እድር ከሰሰ። የጥሩሰው እድር ዳኛ አቶ ሲላስ አስጠሩት።

"መሮጥ አልተከለከለም" አሉ። "ሕዝብን በከንቱ ማስለቀስ ግን ነውር ነው። ከእንግዲህ በየቤቱ ደጃፍ ስታልፍ 'ሰላም ነው! ሰው አልሞተም!' እያልክ ነው የምትሮጠው።"

"ጋሼ፣ ዳገት ላይ ትንፋሹን ከየት አመጣለሁ?"

"ለሩጫው ከየት አመጣኸው?"

አምስት ወር እየጮኸ ሮጠ። መመሪያው "ትንፋሽህን ቆጥብ" ይላል፤ የእድሩ ውሳኔ ግን ከመመሪያው ይበልጣል። ሳንባው የጥሩምባ ነፊ ሳንባ ሆነ። አቶ ባፈና በየቅዳሜው ሁለት ቅቅል ድንች ይዘው ይጠብቁታል፤ ድንቹን ሰጥተውት፣ አብረውት በእግራቸው ዳገቱን ይወጡና ጫፍ ላይ ቆመው እስኪደርስ ይጠብቁታል። ጥሩሰው ይህንንም ከምስጋና ጋር ተቀበለ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መቶ ሃያ ሯጮች ተለቀቁ። ለውድድሩ ባነር ታስቧል፣ ሙዚቃ ታስቧል፤ በመንገዱ ላይ ላለው ሕዝብ መንገር ግን ማንም አላሰበም። ለአንድ ሯጭ አርባ ሰው ካለቀሰ፣ ለመቶ ሃያው ስንት እንደሚያለቅስ አስሉት። ፈጣኖቹ ወጣቶች ቃል ሳይተነፍሱ አለፉ፤ ይህም መርዶውን አጸናው። ጥሩሰው ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ሲደርስ መንገዱ ነጠላ ባዘቀዘቁ ሴቶች ተሞልቷል፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ሯጮች "ንገሩን እንጂ! ከባድ ሰው ነው?" በሚሉ ሽማግሌዎች ተይዘው ቆመዋል። መቆጣጠሪያው ሊዘጋ የቀረው ዘጠኝ ደቂቃ ነው።

"ሰላም ነው! ሰው አልሞተም! ስፖርት ነው!"

ድምፁ ከሸለቆው ማዶ ተመልሶ መጣ። ለቅሶው ቆመ። መንገድም ተከፈተ። አንዲት አሮጊት ብቻ እጁን ያዙት።

"ካልሞተ ታዲያ የሚያባርርህ ማነው?"

"ሰዓት ነው እማማ፣ እንዳይቀድመኝ ነው።"

"እና ቁምና አሳልፈው! ነገም ይመጣ የለ!"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምክሩን ይቀበል ነበር። መቆጣጠሪያውን በአንድ ደቂቃ ቀድሞ አለፈ፤ አምና ያሳፈረው አይሱዙ እዚያው ቆሟል፤ ሰላም አላለውም። የመጨረሻውን መስመር ሲረግጥ ውድድሩ ለሚዘጋበት ዘጠኝ ሰዓት ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ከጨረሱት ሁሉ መጨረሻ ነው። ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ አጠለቁለት፤ እሱም ሣሩ ላይ ተዘርሮ ለአዜብ ደወለ። አምስት ወር ሙሉ የጮኸው ሰው ያን ጊዜ ቃል አጣ። አዜብ የሰማችው ማቃሰት፣ ቀጥሎም "ውኃ! ውኃ አምጡለት!" የሚል የሰው ጩኸት ነው። ከዚያ ባትሪው አለቀና ስልኩ ተዘጋ።

የእነ አቶ ሲላስ እድር ለስብሰባ ሁለት ሰዓት ይዘገያል፤ ለድንኳን ግን የሚቀድመው የለም። ጥሩሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እያነከሰ ሰፈሩ ሲገባ ድንኳን በደጁ ተተክሏል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተቀምጧል። ማን ሞቶብኝ ነው ብሎ ደነገጠ። ተጠግቶ ከኋላ ቆመ። ፊት ለፊት አክሊሉ መሐረቡን ይዞ እየተናገረ ነው።

"ወንድማችን ጥሩሰው ብርቱ ነበር። ያላመንበት እኛ ነን። በፍጥነቱ…" መሐረቡን ወደ ዓይኑ ወሰደ።

ጥሩሰው ሃያ ሁለት ዓመት ከዚህ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቢቀጥል አይጠላም ነበር። ግን አዜብን አየ፤ የሩጫ ጫማውን ባዶ ካርቶን ታቅፋ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ አፉ የለመደውን አወጣ።

"ሰላም ነው! ሰው አልሞተም!"

ሦስት አግዳሚ ወንበር ተገለበጠ። አዜብ መጀመሪያ ደረቱን መታችው፤ ከዚያ ሜዳሊያውን አየችው።

"ጨረስክ?"

"ሦስት ደቂቃ ሲቀር።"

"ደውለህ ይህን ማለት አቅቶህ ነው?" አለችና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

አቶ ሲላስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ድንኳን ከተተከለ ያለ ጸሎት አይነቀልም። እግዚአብሔር ይመስገን፤ የምስጋና እናድርገው።" ሁሉም አሜን አለ። አክሊሉ መሐረቡን ደብቆ ቀስ ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ ጥሩሰው የፊት ወንበሩን ስቦ ያበጠ እግሩን ዘረጋ።

"ቀጥል እንጂ አክሊሉ" አለው። "'በፍጥነቱ' ያልከው ላይ ነበርክ።"