በቡሪ ሜዳ አግድም የተኛችው

ከገዳሪፍ የተነሣሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። ጉዳዬ አንድ ነበር፤ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ በጦርነቱ ጊዜ ኳስ ሜዳ ላይ የተቀበረችውን ጓደኛዬን ፀሐይነሽን አስነሥቼ በክርስቲያኖች መቃብር ማሳረፍ። እሷና እኔ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በየሰዉ ቤት እየሠራን፣ ቡሪ አንድ ክፍል ተከራይተን ብዙ ዓመት አብረን ኖረናል። ጦርነቱ ሲመጣ እኔ ወጣሁ። እሷን ጉልበቷ ለመንገድ አላበቃትምና ቀረች። በታመመች ጊዜ ሐኪም ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ ነበር። የቀበራት ሰፈሩ ሁሉ «ዐም ዑስማን»፣ አጎት ዑስማን፣ የሚለው ጎረቤታችን ነው።

ባለፈው ሳምንት ዐም ዑስማን ደወለልኝ። የአካባቢው ምክር ቤት ኸሪፍ ሳይገባ፣ ማለትም ከክረምቱ በፊት፣ በሜዳው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊያስቆፍር ነው አለኝ። አምና የዝናቡ ውሃ በመቃብሮቹ ላይ ተኝቶ ሰፈሩ የሚጠጣበትን የውሃ ጉድጓድ አበላሽቷል፤ ልጆች ታመዋል። ስለዚህ ሙታኑ ሁሉ ይነሣሉ። ዘመድ የለያቸውን ዘመድ ወደሚፈልገው ቦታ ይወስዳል። ያልተለዩት ከከተማ ውጭ በተከለለ መሬት፣ ያለ ስም፣ በቁጥር ይቀበራሉ።

«ነይ እኅቴ፤ በቁጥር እንዳትሄድብን» አለኝ።

መንገዱ

የአውቶቡሱ ቲኬት ቡሪ ሳለን ለክፍላችን በወር እንከፍል የነበረውን ያህል ሆኗል። ረዳቱ ዕቃዬን ተቀብሎ «ያላ፣ ያ ሐጃ፣ ከፊት ተቀመጪ» አለኝ። እዚህ አገር አሮጊት ሁሉ ሐጃ ናት፤ አላረምኩትም።

እስከ ፋው ከተማ ድረስ መሬቱ ለጥ ያለ ጥቁር አፈር ነው። ዱሮ በመንገዱ ግራና ቀኝ ግራር አይ ነበር። አሁን የቀረው ጉቶ ነው፤ በጉቶው አጠገብ የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ይሸጣል። ጋዝ በጠፋበት ጊዜ ሰው ምን ያድርግ? ወድ መደኒ ስንደርስ ፉል በላሁ። ከዚያ በኋላ ኬላው በዛ። በአንዱ ኬላ አንድ ወታደር ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አገላብጦ አየና ጠየቀኝ።

«ካርቱም ምን ልትሠሪ ነው?»

«ሰው ልቀብር።»

«መቼ ሞተ?»

«ሁለት ዓመት አልፏታል።»

ወረቀቱን መለሰልኝ።

ቡሪ

ከተማው ሲመሽ ደረስን። የተቃጠሉት ቤቶች እንዳሉ ናቸው፤ በአንዳንዱ መስኮት ግን መብራት አለ። ዐም ዑስማን ከስቶ ጠበቀኝ። ሚስቱ ዘይነብ ኪስራ፣ የነሱን ስስ እንጀራ፣ ከወጥ ጋር አቀረበችልኝ። በግቢው ውስጥ እንደ ድሮው አልጋዎች ተሰልፈዋል።

«እንዴት ትለያታለህ?» አልኩት።

«አግድም ናት» አለኝ። «ያን ቀን በስልክ ስጠይቅሽ ምን አልሽኝ? ራሷ ወደ ምዕራብ፣ ፊቷ ወደ ምሥራቅ። እንዳልሽኝ ቆፈርኩ። የኛዎቹ ሁሉ ወደ መካ ዞረው፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተኝተዋል። አግድም ያለችው እሷ ብቻ ናት።»

«ቦታ ጠቦ ሰው ሲጣላ እሷ የሁለት ሰው ቦታ ያዘች!» አለች ዘይነብ። «ዱሮስ? ሁላችን አልጋችንን አሰልፈን ስንተኛ እሷ አግድማ መተላለፊያ ትዘጋ አልነበር?»

«አላህ ይርሐማት በይ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«አላህ ይርሐማት» አለች፤ ሳቋንም ሳትጨርስ ዓይኗን በቶቧ፣ በተከናነበችው ልብስ፣ ጫፍ ጠረገች።

ሜዳው

በማግሥቱ ጠዋት ወደ ሜዳው ሄድን። የምክር ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክፍል የላካት መሐንዲስ ሰልማ የምትባል ወጣት ናት። ሙታኑን የሚያነሡት ሰዎች አፋቸውን ሸፍነው ሥራ ጀምረዋል። ዐም ዑስማን በቀጥታ ወደ አንድ ቦታ ሄዶ «እዚህ፣ ከግቡ ጀርባ፣ ከኒሙ ሥር» አለ። ነገር ግን የኳስ ግቡ እንጨት የለም። የኒም ዛፉም የለም። ሁለቱም ለማገዶ ሄደዋል። የአፈሩን ጉብታ ዝናብ ጠርጎታል።

ያሳያቸውን ቦታ ቆፈሩ። የተገኘው ሰው ከሰሜን ወደ ደቡብ ተኝቷል። ተራው እስኪደርስ መልሰው ሸፈኑት። ዐም ዑስማን መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እዚህ ነበር» ይላል። «ዛፉ እዚህ ነበር እኮ።»

ሰልማ ወደ እኔ መጣች። «ያ ኻላ፣ አክስቴ፣ ነገ ጠዋት የመቆፈሪያው መኪና ይመጣል። ደመናውን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«አምና የታመሙትን ልጆች ተሸክሜ ወደ መኪና ያስገባሁ እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ልጨምርልሽ አልችልም።»

«ጨምሪልኝ አላልኩም። ዛሬ ግን ገና አልመሸም።»

ጎንበስ ብላ አፈሩን በጣቷ ጫረች። «የተቆፈረ መሬት ቀለሙ ይለያል» አለች ቀስ ብላ። «የሜዳው የላይኛው አፈር ቢገፈፍ ጉድጓዶቹ ይታያሉ። ግን ቀስ ተብሎ በእጅ ነው። ለዚያ የሚሆን ሰው የለኝም።»

«ሰው የለኝም?» አለች ዘይነብ ከኋላችን። «ይህ ሁሉ ቤት የማን ነው? እኛ ሰው አይደለንም?»

ተመልሳ በየበሩ እያንኳኳች «ነፊር! ነፊር!» ስትል ሰማናት። ነፊር የሚሉት እኛ ደቦ የምንለውን ነው። አካፋም፣ ዶማም፣ የወጥ ቤት መጥረጊያም ይዘው መጡ። አብዛኞቹ የራሳቸው ሰው እዚያው ሜዳ ውስጥ ነበራቸው። ሰልማ በገመድ እየለካች አሰለፈችን። እኔ አፈር በሣፋ አመላልስ ነበር። ጸሐዩ ከባድ ነበር።

ከቀትር በኋላ ሜዳው ተገለጠ። በግራጫው መሬት ላይ ጉድጓዶቹ ጠቆር ጠቆር ብለው፣ ጎን ለጎን፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ታዩ። በአጥሩ በኩል፣ ዐም ዑስማን ካሳየን ቦታ ርቆ፣ አንዱ አግድም ነበር።

ዐም ዑስማን ተነሥቶ ሄዶ በራስጌዋ ቆመ።

የጠቀለሏት በራሷ ነጠላ ነበር። ጥለቱን አወቅሁት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መቃብሩ

ሐሙስ ጠዋት ወደ ክርስቲያኖች መቃብር ወሰድናት። ቄስ አልተገኘም። አቡነ ዘበሰማያት እኔው ደገምኩ። ዐም ዑስማን፣ ዘይነብና ሰልማ መዳፋቸውን ዘርግተው በራሳቸው ጸሎት ቆሙ። እዚያ ሁሉም ሰው እንደ እሷ ነው የተኛው፤ በአተኛኘቷ የምትለይበት ነገር የለም። ስለዚህ ስሟን በቆርቆሮ ላይ በአማርኛም በዓረብኛም አስጽፈን ተከልን።

ስንመለስ የቀሩት ሙታን ተነሥተው አልቀው፣ መኪናው ሜዳውን እየቆፈረ ነበር። ሰልማ ጭቃ በጭቃ ሆና በቦዩ ዳር የኒም ችግኝ የሚተከልበትን ቦታ በኖራ ታመለክታለች። ከሩቅ እጇን አነሣችልኝ፤ እኔም አነሣሁ።

መልስ

ዓርብ ማታ ገዳሪፍ ገባሁ። እሑድ ዐም ዑስማን ደወለ፤ ቡሪ ዘንቧል፣ ውሃው በቦዩ ወደ ጥቁር ዓባይ ወርዷል፣ ሜዳው ላይ አልተኛም አለኝ።

አካባቢን መጠበቅ ማለት ቦይና ችግኝ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ውሃው ወዴት እንደሚወርድ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ እውነት ነው። ጎረቤቱ እንዴት መተኛት እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው ባይኖር ግን ፀሐይነሽ ዛሬ ቁጥር ነበረች።

የገዳሪፏ ጎረቤቴ ሐሊማ እንኳን ደኅና መጣሽ ልትለኝ ሻይ ይዛ መጣች። ጠጥተን ስንጨርስ «ሐሊማ፣ እኔ ስሞት ራሴ ወደ ምዕራብ፣ ፊቴ ወደ ምሥራቅ» አልኳት።

«ምነው! ክፉ አታውሪ!» ብላ ተቆጣች።

«ምሥራቅ በየት በኩል ነው?»

አኩርፋ የሻዩን ዕቃ ሰበሰበች። ከዚያ ተነሥታ በእጇ በአጥሩ በኩል አሳየችኝ። ትክክል ነበረች።

«ያንቺስ?» አልኳት።

በግቢው መሬት ላይ በቀኝ ጎኗ ተኛችና ፊቷን ወደ መካ አዙራ አሳየችኝ።