የፍቅር ልብወለድ በዳዊት ንባብ

ስደተኛ ሁሉ ታሪኩን «ያቺ ሌሊት» ብሎ ይጀምራል። እኔ ግን ከአምደወርቅ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ አገር ምድሩ እያየኝ ነው። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለቆመ ሁለት ጊዜ ተሰናበትን። በመጀመሪያው ተላቀስን፣ በሁለተኛው እንባችን አልቆ ስለ ገብሱ አወራን። አባቴ መሪጌታ ናቸው። መስኮቱ ጋ መጥተው «ወርቄ፣ ዳዊትሽን እንዳትተይ» አሉኝ። እናቴ በኽምጣንኛ «ቶሎ ተመለሽ» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

አባቴ ከወንዶቹ ተማሪዎች ጋር አስቀምጠው ፊደል አስቆጥረውኛል፤ ዳዊት ደግሜያለሁ። «ሴት ልጅ ተምራ ልትቀድስ ነው?» እያሉ ሲያሾፉባቸው «ዓይኔ ሲደክም ታነብልኛለች» ይሉ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም እኔ ቤሩት ነኝ።

ከመሄዴ በፊት አዲስ አበባ ላይ ወረቀቴን የሞላልኝ ጸሐፊ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ከየት ነሽ?»

«ከዋግ፣ ከደሃና፣ ከአምደወርቅ።»

«አፍሽን የፈታሽው በአማርኛ አይደለም አይደል?»

«በኽምጣንኛ ነው።»

«ያስታውቃል። አረብኛውን እዚያ ያስተምሩሻል፤ አማርኛውን ማን ያስተምርሽ?» ብሎ ሳቀ። የተሰለፉትም ሳቁ። እኔም ከሰው ላለማነስ ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ፊት አማርኛ ስናገር ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

ቤሩት ላይ ኮንትራቴን ከጨረስኩ በኋላ ከሁለት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየን። ለምለም የሰቆጣ ልጅ ናት፣ ዘነበች የጎጃም። ቀን ቀን የሰው ቤት እናጸዳለን፤ አሥር ሰዓት ላይ እንገናኛለን። ወገኖቼ፣ የዚህን አገር ነሐሴ አትጠይቁኝ። እኛ ዘንድ ነሐሴ ጭጋግ ነው፣ ደጃፍ ላይ ያለው ገብስ አይታይም፣ ሰው ጋቢውን ጠቅልሎ እሳት ዳር ይቀመጣል። እዚህ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። እንደ ወረቀት የሳሳ ዳቦ እየበላን፣ መብራት ሄዶ ማራገቢያው ሲቆም እያየን፣ እርስ በርስ መነጫነጭ ጀምረን ነበር።

ያኔ ነው ዘነበች የሚደመጥ ልብወለድ ስልኳ ላይ ያመጣችው። አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ ነው የሚተርከው። አንድ ተማሪ ክረምቱን አጎቱ ዘንድ ሊያሳልፍ ጣና ዳር ይመጣል፣ ዓሣ የምትሸጥ ልጅ ያይና አበቃለት። በየክፍሉ ዝናብ ይዘንባል። እሷ ሸማዋ ይበሰብሳል፣ እሱ ጃኬቱን ያለብሳታል፣ እኛ ላብ በላብ ሆነን «እሰይ!» እንላለን። መስከረም ሲጠባ ልጁ ሊሄድ ነው፤ እመለሳለሁ ብሏታል። ይመለስ ይሆን? እንዲህ የወደድኩት ነገር የለም። የሰው ፎቅ እየጠረግሁ እንኳ የማስበው ስለ ዓሣ ሻጯ ነበር።

አንድ ቀን ግን አከራያችን አቡ ሰሚር በሩን ደበደበው።

«ሹ ሃይዳ! ይሄ ምንድን ነው? ወንድየው የት አለ?»

«ወንድ የለም፣ አቡ ሰሚር።»

«ከሰኞ ጀምሮ እሰማዋለሁ። ያወራል፣ ያወራል፣ አያቆምም። እናንተስ አይሰለቻችሁም?» አለና ጎንበስ ብሎ አልጋ ሥር አየ። ለምለም ስልኩን አሳየችው። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ።

«ምን ይላል?»

«ዝናብ ዘነበ ይላል።»

«በነሐሴ?»

«እኛ አገር የሚዘንበው በነሐሴ ነው።»

«በነሐሴ የሚዘንብበት አገር ትታችሁ ነው እዚህ የመጣችሁት?» አለ። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ይሁን፣ እኔ አምኛለሁ። ጎረቤት ግን ስልክ መሆኑን አያውቅም። ከሴቶች ክፍል የወንድ ድምፅ ዳግመኛ ከተሰማ፣ ያላ፣ ውጡ።»

ማዳመጫ ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ለሁለት ሰው ሁለት ጆሮ፣ ሦስተኛዋ አኩራፊ። በሁለተኛው ቀን ጭቅጭቁ ሲበዛ ማዳመጫውን ቀማኋቸውና «ዝም በሉ፣ እሱ ለእኔ ይበል፣ እኔ ለእናንተ እላለሁ» አልኳቸው። የአባቴ ተማሪዎች እንዲህ ነው የሚማሩት፤ መምህሩ በቃል ይላል፣ ተማሪው ተቀብሎ ይላል። ሰውዬው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲል አቆመዋለሁ፣ ተቀብዬ ጮክ ብዬ እላለሁ፣ እቀጥላለሁ።

ያላሰብኩት ነገር ቢኖር፣ ጮክ ብዬ ማንበብ የማውቀው በአንድ መንገድ ብቻ መሆኑን ነው። ቃሉ ከአፌ የወጣው በዳዊት ንባብ ነበር፤ የሚነሣው ተነሥቶ፣ የሚወድቀው ወድቆ፣ ነጥቡ ላይ ረጋ ብሎ። «ወደ እርሷም ቀረበ፣ ጸጉሯንም ዳሰሰ» ስል የከንፈሩ ነገር እየመጣ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል። እዚያ ላይ ስደርስ ዘነበች ብድግ ብላ ነጠላዋን አመሳቅላ ቆመች፤ ተአምረ ማርያም ሲነበብ እንደሚቆመው። ምዕራፉ ሲያልቅ ለምለም «አሜን» አለች። ከዚያ መሬት ላይ ተንከባለልን። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ።

በማግስቱ እንደ ሰው ላነብ ሞከርኩ። «አይ! እንደ ትናንቱ!» አሉኝ። ሰውዬው ቢፈቀድ እንኳ ወደ እሱ መመለስ አልፈለጉም። እሑድ እሑድ ከሌላ ሰፈር ልጆች እየመጡ ምንጣፍ ላይ ይቀመጡ ጀመር። አማርኛውን ማን ያስተምርሽ የተባልኩት እኔ፣ ክፍል ሙሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ ይሰማኛል። ኮራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ለምለም ግን ሳትነግረኝ ንባቤን በስልኳ ቀድታ ሰቆጣ ላለችው እህቷ ትልክ ነበር። እህቷ ሱቋ ውስጥ ትከፍተዋለች፣ ገበያተኛው ይሰማል። ከደሃና የመጣ አንድ ሰው «ይህማ የመሪጌታ ልጅ ንባብ ነው» አለ፤ ድምፄም በስልክ ወደ አምደወርቅ ወጣ። እናቴ ደወለችልኝ።

«አባትሽ ሰምተዋል።»

«ምን አሉ?»

«ምንም። ሁለት ጊዜ ከፍተው ሰሙና ዝም አሉ።»

የአባቴን ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዳዊት ያስተማሩትን አፍ ለመሳሳም ወሬ አዋልኩት። ሦስት ቀን ለልጆቹ አላነበብኩም። በአራተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ።

«ወርቄ።»

«አቤት፣ አባ።»

«ሁለተኛው ክፍል ላይ ሮጠሻል። ትንፋሽሽን ያለ ቦታው ወስደሻል። ነጥቡ ላይ ነው እንጂ ከነጥቡ በፊት ነው ያልኩሽ?»

«ነጥቡ ላይ ነው።»

«ሌላው ደህና ነው። ነገሩን አላስተማርኩሽም። ንባቡ ግን የእኔ ነው፤ የሰማ ሁሉ አወቀው። በኽምጣንኛ አፏን የፈታች ልጅ እንዲህ ታነባለች እያሉ ሲያወሩ ቆሜ ሰማሁ። ልጄ ናት አልኩ።»

ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

«ልጁስ ተመለሰ?» አሉኝ በድንገት። ቀጥለውም «እናትሽ ናት የምትጠይቀው» አሉ። ከኋላቸው እናቴ «እኔ ምን ብዬ!» ስትል ሰማሁ።

«ገና ነው፣ አባ። ሁለት ክፍል ይቀራል። እልክልዎታለሁ።»

«አትላኪው። የታሪክ መጨረሻ በስልክ አይሰማም። እዚህ መጥተሽ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ ታነቢልኛለሽ።»

ሁለቱን ክፍል በዚያው ሳምንት ለልጆቹ አነበብኩ። ልጁ ይመለስ አይመለስ አሁን አውቃለሁ። ለምለም ለእህቷ እንዳትልክ በማርያም አስምያታለሁ። አምደወርቅ ላይ መጨረሻውን የሚያውቅ የለም። አባቴ በደወሉ ቁጥር «እሺ፣ መቼ ነው?» ይሉኛል፣ እኔም «በቅርቡ፣ አባ» እላለሁ፤ መጨረሻው እስከ ዛሬ እኔ ጋ ነው።