የተፈጨው ክኒን

የያዙኝ ባዶ መኪና ስለማልወድ ነው። ሥራዬ ከዶዮገና ድንች ጭኖ ሆሳዕና ያለው ሱቄ ማራገፍ ነበር። ስመለስ ሙሉ ነኝ፤ ስሄድ ባዶ። በምርጫው ሰሞን ዶዮገና ወደተጠራ ስብሰባ የሚሄዱ ሰዎች «ጫነን» አሉኝ፤ ጫንኳቸው። የማን ደጋፊ እንደሆኑ አልጠየቅኩም። ድንቹንም ጠይቄው አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ሱቄ መጥተው «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ሰባት ወር ፈለጉኝ።

ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የነጋዴ ዓይን ክፉ ነው፤ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያሰብኩት «አርባ ኩንታል ይይዛል» ብዬ ነው። ከኔ ጋር ሠላሳ አንድ ሰው ይዞ ነበር። ወለሉ በከሰል ተሰምሮ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ስንዝር ተሰጥቶታል። ጉልበትህን አጥፈህ ትቀመጣለህ እንጂ እግር መዘርጋት የለም። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ያቃጥላል፤ ማለዳ ላይ ደግሞ የሰው ትንፋሽ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብብሃል። ካቦው፣ ማለትም እስረኛውን የሚያስተዳድረው እስረኛ፣ ሕጉን ነገረኝ።

«እዚህ የገባ ሁሉ የጋራ ነው። ቆጮም ይሁን ሳሙና መሃል ላይ ይቀመጣል።»

«መድኃኒትስ?»

«እሱን ሲመጣ እናያለን።»

የኔ መድኃኒት መምጣቱ አይቀርም ነበር። ከመታሰሬ በፊት በነበረው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ የኩላሊት ጠጠር አስወጥቻለሁ። ዳግመኛ እንዳይሠራ ፖታሲየም ሲትሬት የሚባል ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ታዞልኛል። የጠጠርን ሕመም የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ ቢነሳብኝ ማንም ሐኪም ቤት እንደማይወስደኝ ደግሞ ከገባሁ በሁለተኛው ቀን ገብቶኛል።

ባለቤቴ የሳምንቱን ሃያ አንድ ክኒን ከማዘዣው ወረቀት ጋር አመጣች። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ሥራውን የሚያጠብቅ ሰው ነበር። ቆጮውን በእንጨት ይበሳዋል፣ ዳቦውን ይገምሰዋል፣ ሳሙናውን ለሁለት ይቆርጠዋል። ክኒኑን አንስቶ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የኩላሊት መድኃኒት ነው።»

«ውስጡስ?»

«ውስጡም መድኃኒት ነው።»

«እናያለን» አለና በጠርሙስ ቂጥ ይፈጨው ጀመር። አንዱን ፈጭቶ ምንም ሲያጣ የሚፈልገው ድብቅ ደብዳቤ በሁለተኛው ውስጥ ይሆናል ብሎ ሁለተኛውን ፈጨ። አሥራ ሁለት ከደረሰ በኋላ ክንዱ ደከመው። ዘጠኙን በደህናው፣ አሥራ ሁለቱን ደግሞ በዱቄት መልክ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። አንድም ቅንጣት አልሰረቀም።

ከኛ ጋር ከሞርሲቶ የመጣ ነርስ ታስሯል። ዶክተር ነበር የምንለው፤ እስር ቤት ውስጥ ሹመት ርካሽ ነው። ዱቄቱን ወደ አፌ ሳስጠጋ እጄን ያዘኝ።

«ተው! ይኼ ክኒን ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከተፈጨ ሁሉንም ባንዴ ለቆ ጨጓራህን ያነድደዋል።»

«የዶዮገና ድንች ሁሉ በአንድ ቀን ገበያ እንደወጣ በለኛ።»

«እንደዚያ። ደህናውንም ቢሆን ሳታኝክ፣ ምግብ በልተህ፣ በሙሉ ጣሳ ውሃ ነው የምትውጠው። ከዋጥክ በኋላም ጉሮሮህ ላይ ቀርቶ እንዳያቆስልህ ግማሽ ሰዓት እንዳትተኛ። ጉልበት ካነሰህ ወይም ልብህ ከዘለለብህ አቁመህ ንገረኝ።»

የቀን ውሃችን ሁለት ጣሳ ነበር። ሦስት ጊዜ የሚለው ማዘዣ ያንን አላወቀም። በቀን ሁለት ክኒን ላይ ተስማማን።

ከኔ ቀጥሎ ያለችው ሦስት ስንዝር የአንድ ጡረተኛ መምህር ነበረች። የዱራሜ አካባቢ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የደም ግፊት ክኒናቸውን በመሐረብ ቋጥረው ይይዛሉ፤ ማሸጊያውን ጠባቂው ስለጣለው ስሙን የሚያውቅ የለም። ክኒኑ በመጣ በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ ጎናቸውን ይዘው እጥፍ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ በከምባትኛ የሚጸልዩት ጸሎት መሃል ላይ ተቆረጠ።

«ልጄ፣ ያንተው ሕመም ነው የያዘኝ» አሉ። «ለአንተ አይሆንም የተባለውን ዱቄት ስጠኝ።»

ካቦው ወደኔ ዞረ። «ሰማህ አይደል ነጋዴው? የገባ ሁሉ የጋራ ነው።»

ዶክተሩ የጋሼን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

«አይሆንም» አለ። «እግራቸው አብጧል፤ ሽንታቸውም ቀንሷል። የዚህ መድኃኒት ትርፍ የሚወጣው በሽንት ነው። ኩላሊታቸው ካላስወጣው ደማቸው ውስጥ ተጠራቅሞ ልብ ያቆማል። የሚውጡት የግፊት ክኒን ደግሞ ያንኑ የሚያባብስ ዓይነት ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል?» አለ ካቦው። «ሳታረጋግጥ ነው ሽማግሌ የምታስጮኸው?»

«ስሙን ሳላይ እንዴት ልማልልህ?»

ሠላሳ ሰው የዱቄቱን ወረቀት ያያል። ዱቄቱን ብደብቀው ሁሉም ሲያሸልብ አንድ ደግ ሰው ፈልጎ እንደሚሰጣቸው አውቃለሁ። እኛ አገር ደግ ሰው ብዙ ነው፤ ሰው የሚሞተው ግማሹ በእሱ ነው። ተነስቼ ጥግ ወዳለው የሽንት ባልዲ ሄድኩና አራገፍኩት።

ጋሼ ጎናቸውን እንደያዙ ባልዲውን አዩ።

«ነጋዴ! እዚህም ዕቃ አጥፍተህ ልታስወድድ ነው?»

ዶክተሩ በሩን ደበደበ፤ «ሐኪም ቤት ውሰዱልን!» አለ። ከውጭ «ነገ» አሉን። በማግስቱም ነገ ነበር።

ያን ቀን ቆጮዬን ከበላሁ በኋላ ደህናውን ክኒን በጣሳ ውሃ ዋጥኩና ቆምኩ። ስቆም ሦስት ስንዝሬ ባዶ ሆነች። ባዶ ነገር አልወድም አላልኩም?

«ጋሼ፣ እግርዎን ይዘርጉ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እግራቸውን አንድ በአንድ፣ በእጃቸው እየደገፉ፣ በኔ ቦታ ላይ ዘረጉት። አላመሰገኑኝም። ግማሽ ሰዓቱ አለፈ፤ አልተቀመጥኩም። በማግስቱም ቆምኩ። ደህናዎቹ ክኒኖች አለቁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ጠባቂው ሃያ አንዱንም ፈጫቸው። የምውጠው ሳይኖረኝም ከምሳ በኋላ ቆምኩ። ካቦው «ነጋዴው፣ ምኑን ዋጥክና ነው?» ቢለኝ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

በታመሙ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠባቂዎቹ ጋሼን በብርድ ልብስ ይዘዋቸው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞረው የፈለጉት ዶክተሩን ይሁን እኔን አላውቅም።

እኔን ሲፈቱኝ ለምን እንደታሰርኩ አልነገሩኝም፤ ለምን እንደተፈታሁም። ከዓመት በኋላ አንዲት ሴት ሱቄ መጥታ የጋሼ ልጅ መሆኗን ነገረችኝ። ከወጡ በሁለተኛው ሳምንት አርፈዋል።

«ስላንተ አንስተው ነበር» አለች። «'መድኃኒቱን ደፍቶ ቦታውን የሰጠኝ ሰው ነበር፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አልገባኝም' ብለዋል።»

ዶክተሩ ትክክል እንደነበረ አዲስ አበባ ያለው ሐኪሜ አረጋግጦልኛል። ለጋሼ ግን የሚነግርልኝ የለም።

ዛሬም ክኒኑን እውጣለሁ፤ ምሳ በልቼ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ከዚያ ሱቄ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እቆማለሁ። ደንበኞች ላባርራቸው የተነሳሁ ይመስላቸዋል። ድሮ ባለቤቴ «አትተኛ እንጂ አትቀመጥ አልተባልክም እኮ!» እያለች ወንበር ትስብልኝ ነበር።

«ሰው አለበት» እላት ነበር።

አሁን መሳቡን ትታዋለች።