የማይሰነጠቅ ዋሽንት

መተማ ላይ ዋሽንት አይበረክትም። ከደጋ የመጣ ሸምበቆ አንድ የሰሊጥ አጨዳ ሳይዘልቅ በሙቀቱ ይሰነጠቃል። የቆላው ቀርቀሃ ደግሞ ውስጡ ድፍን ነው፤ ለጎጆ ማገር እንጂ ለትንፋሽ አይሆንም። ስንጥቅ በክር ማሰርና በሰሊጥ ዘይት ማሸት ሲሰለቸኝ መተማ ዮሐንስ ከተማ ወርጄ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ አማረጥኩ። ስሱ በፀሐይ ይጎብጣል፤ ወፍራሙን ያዝኩ። አፉን እየነፋሁ ስሞክር ባለሱቁ ሐጂ አይተው፣ «አንተ ሰውዬ፣ እሱ እኮ ውሃ ማሳለፊያ ነው!» ብለው ሳቁብኝ።

ቀዳዳዎቹን በጋለ ሚስማር በሳሁ። የምሠራበት የሰሊጥ እርሻ ላይ የሸምበቆ ዋሽንት ያለው አንድ የጎጃም አጫጅ ነበር። የእኔን ሲያይ፣ «ጋሼ፣ ይኸን ከማን ጓሮ ነቅለው ነው?» አለኝ። የፈለግሁት ዜማዬን መሀል ላይ የማያበላሽብኝ ዋሽንት ብቻ ነው። ስንት ዓመት ሰው ፊት ያዋረደኝ ስንጥቁ ነው እል ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የሱ ሸምበቆ ፀሐይ ላይ ውሎ ተተረተረ። ምሳ በልተን ዳሱ ስር ተጋድመን ሳለ እጁን ዘረጋ።

«እስቲ ያን ቧንቧ ያውሱኝ፣ ጋሼ።»

ሰጠሁት። ሲነፋው አጫጁ ሁሉ ወሬውን ተወ። እኔ ስነፋ አንድም ቀን ያልተቋረጠ ወሬ ነው።

ሲመልስልኝ «ጥሩ መርጠዋል፤ ይኼ ዕድሜ ልክዎን አይሰነጠቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። ተቀብዬ ከራሴ ስር አድርጌ ተኛሁ። ከእንግዲህ የማላክክበት ስንጥቅ የለኝም።