ጀዊሪያ በተረከዟ ያገኘችው ወይፈን

ጀዊሪያን በቆቦ የማያውቃት የለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ከተማው ሰፍቷል፣ ሰዉም በዝቷል። በእኛ ሰፈር ግን፣ ከዋናው መንገድ ወደ ማሳው በሚወረድበት በኩል፣ ሕፃን ሳይቀር ያውቃታል። ረጅም ናት፣ ቀጭን ናት፣ ስትሄድ ወደ ፊት ዘንበል ትላለች። እኔና እሷ በአንድ ዓመት ነው የተወለድነው። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጠርኩ፤ እሷን ግን አባቷ ከሥራ አንለቅሽም አሏትና ቀረች።

አባቷ የማሽላ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። ዛሬ እህሉ ሁሉ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ተረሳ እንጂ፣ በእኛ ልጅነት ማሽላ የሚከተተው ከመሬት በታች ነበር። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ጀዊሪያን በገመድ አስረው ያወርዷታል፤ ግድግዳውን በእበት ለቅልቃ፣ ጭድ አልብሳ ትወጣለች። ፀጉሯ ላይ ገለባ ተሰክቶ፣ ዓይኗ ብቻ እያበራ ብቅ ስትል አሁንም ይታየኛል። የሌላው ሰው ልጅ አሻንጉሊት ሲያቅፍ እሷ ገመድ ታቅፋ አደገች።

ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሴት በሬ አትጠምድም ሲባል ጠመደች። መጀመሪያ ሳቁባት፣ በኋላ ለመዱት። አምና ግን ከሁለቱ በሬዎቿ አንዱ ታሞ ሞተባትና ሌላው፣ ዳልቻ፣ ብቻውን ቀረ። በእኛ አገር በበልግ ጎርፉ ከተራራው ወርዶ ወደ ማሳ ይጠለፋል፤ አፈሩ ርጥበቱን ሳይለቅ በሁለት በሦስት ቀን መታረስ አለበት። በዚያን ሰሞን ሁሉም በየማሳው ላይ ነው፣ በሬ የሚያውስ አይገኝም። በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም።

ጎረቤታችን መንሱር ይህን አይቶ መጣ።

«እትዬ ጀዊሪያ፣ መሬቱን ለእኔ በእኩል ይስጡኝና ይረፉ እንጂ።»

«ስሞት አርፋለሁ» አለችው።

እሱ ከሄደ በኋላ ግን ዳልቻን ስታየው ቆየች። በእኩል የሰጡት መሬት ተመልሶ እጅ እንደማይገባ ታውቃለች። ከበልግ በፊት ሁለተኛ በሬ ካላገኘች አራሽነቷ አበቃ።

ጥር ላይ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ስሜነህ የሚባለው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ የሀብት ፍለጋ ጨዋታ አዘጋጀ። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ስለ ድሮ ቦታዎች ሲጠይቅ ከርሞ (እኛን ሴቶቹን አልጠየቀንም)፣ የሰማውን በግጥም እየጻፈ በየቦታው ደበቀ። አንዱ ግጥም ወደ ሌላው ይመራል። ሁለት ሁለት ሰው ሆኖ መፈለግ ነው። በመጨረሻው ቦታ የተደበቀችውን ቆርቆሮ ላገኘ፣ የከተማው ነጋዴዎች ያዋጡት ወይፈን አለ።

«ትወዳደሪያለሽ?» አልኳት።

«አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እሄዳለሁ» አለች።

ጠዋት ስንሰበሰብ መንሱር ከጓደኛው ከእሸቴ ጋር ዶማ ተሸክሞ መጥቷል። ሲያየን ሳቀ።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ሩጫ ነው፤ ለምርኩዝ አይሆንም!»

«ሩጥ፣ ሩጥ። ላብህን የሚጠርግልህ ሰው ይዘሃል?»

የመጀመሪያው ግጥም ወደ ጎርፍ መጥለፊያው ሰደደን፤ ሁለተኛው ማጭድ ይሳልበት ወደነበረው ቁርቁራ ዛፍ ሥር። ቁርቁራው ዘንድ ስንደርስ ከሌሎቹ የቀረው አቧራቸው ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ግጥም አንብበው መንገድ ዳር ወዳለው የተደፈነ የውሃ ጉድጓድ በርረዋል። እኔ ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ አነበብኩላት፦

ጠግቤ ሳላገሳ፣ ዘጉብኝ አፌን፣
ብራብም አይመጡ፣ ረሱት ደጃፌን፤
ዛሬ በደረቴ፣ ልጆች ይሮጣሉ፣
ባዶ ሆዴ ሲጮኽ፣ ኳስ ነው ይላሉ።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ጀዊሪያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«ኮንጎዬን ያዢልኝ። እነዚህ ልጆች አፍና ሆድ ያለው የውሃ ጉድጓድ ብቻ ይመስላቸዋል። ይሄ የአባቴ የእጅ ሥራ ነው።»

አባቷ ጉድጓድ ይቆፍሩበት ወደነበረው የድሮ አውድማ ሄደች። ዛሬ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። በባዶ እግሯ እየሄደች መሬቱን በተረከዟ ትመታለች፦ ጥ፣ ጥ፣ ጥ። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። ጥ፣ ጥ፣ ድም! ቆም አለች። ጎንበስ ብላ አፈሩን ዳሰሰችና፣ «ይሄ ድንጋይ ሆኗል፤ ከተዘጋ ብዙ ዘመኑ ነው» ብላ አለፈች።

መንሱርና እሸቴ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አዩዋት።

«ምነው እትዬ፣ እስክስታ ነው?»

አልመለሰችለትም። እሱ ግን ቂል አይደለም፤ ቆም ያለችበትን ቦታ አይቶ ነበርና ዶማውን አንስቶ እዚያው መቆፈር ጀመረ። ጀዊሪያ በዚህ ጊዜ ጥቂት እርምጃ አልፋ ሌላ ድም ሰምታለች። የዚህኛው አፈር ልል ነው፤ በቅርቡ ተነክቷል። ልትጭረው እጇን ስትሰድ፣ መንሱር የጉድጓዱን መክደኛ ድንጋይ ገልብጦ አንገቱን ወደ ውስጥ ሊያስገባ ሲል አየችው።

«አንቺ፣ እዚህ ቁሚበት! እንዳትነቃነቂ!» ብላኝ ሮጠች። ስትሮጥ መጨረሻ ያየኋት ከሠርጓ በፊት ነው።

እሸቴ እኔ ዘንድ መጣ።

«እማማ፣ ምን ያቆምዎታል ፀሐይ ላይ?»

«ጉልበቴን አሞኝ ነው፣ ልጄ።»

«ልደግፍዎት?»

«ተወኝ፣ ስቆም ይሻለኛል።» አላህ ይማረኝ።

ጀዊሪያ መንሱርን በሸሚዙ ኮሌታ ይዛ ወደ ኋላ ጣለችው።

«ልትሞት ነው? የታፈነ ጉድጓድ ሰው ይበላል! አጎቴን ከዚህ ዓይነቱ አውጥተን አልቀበርንም?»

የገለባ እሳት ለኩሳ በአገዳ ጫፍ አወረደች። እሳቱ የጉድጓዱን አፍ እንዳለፈ እልም አለ። መንሱር መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እሷ ግን አልቆየችም፤ ወደ እኔ ተመልሳ በእጇ ትጭር ጀመር።

«መንሱር፣ ተነስ! ዶማው የእኛ ነው፣ እንቅደማት!» አለ እሸቴ።

«ተቀመጥ» አለው መንሱር።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ወጣ። እዚህኛውም ውስጥ እሳት አወረደች፤ እሳቱ ሳይጠፋ ነደደ። ከአፉ በታች፣ ክንድ በማይሞላ ገመድ፣ ቆርቆሮዋ ተንጠልጥላለች። ቢስሚላህ ብላ ሳበቻት።

እልልታው ከየት እንደመጣ እንጃ። አስተማሪው እያለከለከ ደረሰ።

«እማማ ጀዊሪያ፣ ማን ነገረዎት?»

«ተረከዜ።»

ወይፈኑን እየጎተተች አስፋልቱን ስትሻገር ወደ ሮቢት የሚሄድ ሚኒባስ ቆሞ አሳለፋት፤ ተሳፋሪው በመስኮት እያጨበጨበ። አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ወደ ፊት ዘንበል ሳትል ሄደች። እኔ ጫማዋን በብብቴ ይዤ ከኋላዋ።

ግቢዋ ስንደርስ ውሃ እንኳን አልጠጣችም። ዳልቻን ከግንዱ ፈታችና ሁለቱን ጎን ለጎን አቆመቻቸው። መዳፏን ከአንዱ ጫንቃ ወደ ሌላው አሻገረች።

«በአራት ጣት ያንሳል» አለች። «እስከ በልግ ይደርስበታል።» ቀንበሩንም ከጣራው ሥር አወረደች።