ስንዝር የማይሞላ ኮት

ፎቶ አንሺ ነኝ። ቢቸና ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ሳነሳ፣ «ቀና በል፣ አትሳቅ» እንዳልኩ ጸጉሬ ሸበተ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ሚስቴም ታውቃለች፣ ከተማውም ያውቃል። እንደኔ ያለ ነዝናዛ አሻንጉሊት ደርድሮ ሦስት መቶ ስድሳ ፎቶ ያነሳል ቢባል ማን ያምናል? ያነሳሁት በአየሁሽ ምክንያት ነው፤ የማወራችሁም ስለ እሷ ነው።

አየሁሽ ልብስ ሰፊ ናት። ከፎቶ ቤቴ ጎን ካለው በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች። አገሯ ሞጣ ነው። ታዘበው የሚባለው ባሏ የአይሱዙ ረዳት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን በሚዘጋበት ጊዜ፣ ከሞጣ ጤፍ ጭነው ወደ ደጀን ሲወርዱ እሱም ሾፌሩም መኪናውም እንደወጡ ቀሩ። አየሁ የሚል የለ፣ ሰማሁ የሚል የለ። ከተጋቡ ገና አራት ዓመታቸው ነበር፣ ልጅም አልወለዱም።

ለምን ቢቸና እንደመጣች ሲጠይቋት «ሥራ እዚህ ይሻላል» ትላለች። ውሸቷን ነው። ከደጀን ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪና ሁሉ በዚያ በረንዳ ፊት ስለሚያልፍ ነው። አይሱዙ ብቅ ባለ ቁጥር እግሯ ፔዳሉ ላይ ቀጥ ይላል፤ መኪናው ሲያልፍ ሥራዋን ትቀጥላለች። ጥቁር አልለበሰችም። በዚህ ሰው ያማት ነበር፤ እኔም አንድ ሁለቴ አምቻታለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

መጋቢት ላይ ሰሎሜ ከባሕር ዳር ደወለችልኝ። የቢቸና ልጅ ናት፤ አሁን ለቴሌቪዥን የልጆች ድራማ ታዘጋጃለች።

«ጋሼ ምንይሉ፣ የድራማውን መግቢያ በስቶፕ ሞሽን ልንሠራው ነው። አሻንጉሊቱን ትንሽ አንቀሳቅሶ አንድ ፎቶ፣ ደግሞ ትንሽ አንቀሳቅሶ አንድ ፎቶ። ሲያያዝ የሚራመድ ይመስላል።»

«ስንት ፎቶ ነው?»

«ለአንድ ሰከንድ አሥራ ሁለት። ሠላሳ ሰከንድ ነው የምንፈልገው።»

«ልጄ፣ ጤና የለሽም እንዴ» አልኳት። እሷ ግን ሳቀች፤ እኔም ስልኩን ሳልዘጋ እሺ ብዬ ተገኘሁ።

ባለ ካሬ ደብተር ገዝቼ ዕቅዱን ጻፍኩ። አንድ መስመር አንድ ፎቶ ነው። እናት ግቢ ትጠርጋለች፤ ሁለት ልጆች ተምረው ይመጣሉ፤ ማታ አባት በመንገዱ ብቅ ይላል፣ እየተራመደ ደጅ ይደርሳል፣ እጁ በሩን ሲነካ የድራማው ስም ይወጣል። አሻንጉሊቶቹን የሠራችው አየሁሽ ናት። አጥንታቸው ሽቦ፣ ሥጋቸው ጥጥ፣ ቁመታቸው ከክንድ ያነሰ። የምታንቀሳቅሳቸውም እሷ ነበረች፣ የኔ እጅ ከባድ ነው። «አንቀሳቅሺ» እላለሁ፣ ታንቀሳቅሳለች፣ እጇን ታነሳለች፣ እኔ እጫናለሁ። በመስኮቱ ብርሃን ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት። መብራት ተማምኖ ሥራ የሚጀምር ሰው እዚህ አገር የለም።

አባትየው አስቸገረን። ከገበያ በተገዛ ጨርቅ ኮት ሰፋችለት፤ ጨርቁ የሚንሸራተት ስለሆነ በተነካ ቁጥር እጥፋቱ ይለወጣል። ፎቶዎቹ ሲያያዙ ሰውየው ወባ የያዘው መሰለ። ተቆጣሁ። ሁለተኛም ሰፋች፣ እሱም ያው። «ሥራ የምትችይ መስሎኝ ነበር» አልኳት። ይኼን በመናገሬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። በማግስቱ ቡናማ ሱፍ ይዛ መጣች፣ ወፍራም፣ ነክተው የተዉት ቦታ የሚቀር።

«ይኼን የመሰለ ጨርቅ ከየት አገኘሽ?»

«ቤት የነበረ ነው።»

የሰፋችው ኮት ከስንዝር ያንሳል፤ ግን ኪሱ የእውነት ኪስ ነው፣ ሦስት ቁልፍ አለው። እኔ በዚህ አልረካሁም። መንገዱን የሠራንበት ጣውላ ቀለሙ እያብለጨለጨ ፎቶ ያበላሽ ነበርና «ከዚህ ሱፍ ትርፍ የለሽም?» አልኳት። የትንሿን ኮት ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ሄዳ የቀረውን በሙሉ፣ ቁርጥራጩን ሳይቀር አመጣችው። በገዛ እጄ ሙጫ ቀብቼ ጣውላው ላይ ለጠፍኩት። የታረሰ መሬት መሰለ። ለሚስቴ ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

የእናትና የልጆቹን አንስተን እንደጨረስን ደብተሬን ስባ አየችው።

«ጋሼ፣ እሱ መቼ ነው የሚገባው?»

«መጨረሻ ላይ። ስምንት ሰከንድ ነው ያለው፣ ዘጠና ስድስት ፎቶ። በያዝነው ሳምንት ካልሆነ በሚቀጥለው።»

«እሱ በሩን እስኪነካ ጥቁር አልለብስም ብያለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከደብተሩ ሳትነቅል። «ከነካ በኋላ የመጣው ይምጣ። አንዴ ሲገባ ልየው።»

አሻንጉሊት እኮ ነው፣ ልላት ነበር። አላልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆጣቴንም ተውኩ፤ እኔም ልቤ ያንን በር ማሰብ ጀመረ።

አርባ ሁለት ፎቶ ሲቀረን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የአየሁሽ ባል የታዘበው ታላቅ እህት ሀብትነሽ ከሞጣ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ጉዳይዋን ተናገረች። እናታቸው እማማ ወለተ ገብርኤል ታመዋል፤ የልጄን እርም ሳላወጣ አልሞትም ብለዋል። ለቅሶው እሁድ ነው፣ እስከ ደብረ ወርቅ ላለው ዘመድ ተነግሯል።

«አስከሬን የለን፣ መቃብር የለን» አለች። «ልብሱ ይውጣና እንልቀስበት። ሸሚዝ ሱሪውን ይዞት ነው የሄደው። የሠርጉ ኮት አንቺ ጋ ነው፣ እሱን ስጪኝ።»

የአየሁሽ ዓይን ጣውላው ላይ ቀረ። እኔም ዓይኗን ተከትዬ አየሁት። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

«ቆረጥሽው?» አለች ሀብትነሽ።

«እንደምትመጪ አውቄ ነበር፣ እትዬ። ለለቅሶ ከሚወጣ ለመምጣቱ ይዋል ብዬ ነው።»

ሀብትነሽ ወደ ጣውላው ሄደች። የሱፉን ጠርዝ በጥፍሯ ልትልጥ ሞከረች፤ ተቀደደባት፣ ሙጫዬ ጥሩ ነበር። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ መዳፏን መንገዱ ላይ ዘርግታ አለቀሰች። ሲወጣላት ወደ አሻንጉሊቱ ጠቆመች።

«እንግዲያ ይችን ኮት ስጪኝ።»

«እሁድ ራሴ አመጣታለሁ። እስከዚያ ተይኝ፣ በእናትሽ።»

«ምን ልትሠሪባት?»

«በር ሊገባ ነው።»

ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችን። ያበዱ ናቸው ያለች መሰለኝ፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ሦስት ቀን ነበረን። የግንቦት መጨረሻ ነው፤ ደመናው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ቆመን እንጠብቃለን። ደመና ስሰድብ ውዬ እንደማውቅ ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ። ሐሙስ ስምንት ፎቶ፣ ዓርብ አሥራ አምስት፣ ቅዳሜ ሰባት አነሳን። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፣ መስኮቱም ጠቆረ። አሻንጉሊቱ ከበሩ መዳፍ የማይሞላ ርቀት ላይ አንድ እግሩን አንስቶ ቆሟል።

«ስንት ቀረው?»

«አሥራ ሁለት። አንድ ሰከንድ ነው።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ዝናቡን ጠበቀችው። አላባራም። ከዚያ ሦስቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፣ ኮቱን አወለቀችለት፣ በንጹሕ መሐረብ ጠቀለለችው። «ቶሎ ብንጀምር ኖሮ» አለች ብቻ። በኮቶቹ ስቆጣ ያባከንኩትን ቀን ቆጠርኩ። እሷ ግን አላነሳችብኝም።

እሁድ አብሬያት ሞጣ ሄድኩ። ድንኳኑ መሐል አልጋ ተዘርግቷል፣ አልጋው ላይ ነጭ ጋቢ፣ ጋቢው ላይ ያች ኮት። ሰው ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። የሳቀ የለም። ደረት እየመቱ የገቡ ሴቶች ሲያዩዋት ዝም እያሉ፣ እንደገና ከመጀመሪያው የበለጠ ያለቅሱ ነበር። እማማ ወለተ ገብርኤልን ደግፈው አመጧቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በጣታቸው ፈልገው አገኟት፣ ጨርቁን አሹት።

«እሱ ነው» አሉ። «ሱፉን ሮብ ገበያ ድረስ ሄጄ የገዛሁለት እኔ ነኝ።» ቀጥለው ትንሿን ጣታቸውን ኪሱ ውስጥ ከተቱ። ጣታቸው እስከ ጥፍሩ ብቻ ገባ። ብዙ ጊዜ እንደዚያው ቆዩ። ማንም ይተዉ አላላቸውም። ለቅሶው ሲያበቃ ኮቷን ከደረታቸው ሥር ሸጎጧት። «እኔ ስቀበር አብራኝ ትገባለች፤ እሱ መቃብር የለውም» አሉ። አየሁሽ ጉልበታቸውን ሳመች፣ ጸጉሯን ተላጨች፣ ጥቁሩን ለበሰች።

በሁለተኛው ሳምንት ቢቸና ተመልሳ ሱቄ ገባች። «እንጨርስ» አለች።

«ሌላ ኮት ትሰፊለታለሽ?»

«ሌላ ኮት የለውም፣ ጋሼ።»

በሸሚዙ አስገባነው። አሥራ ሁለት ፎቶ። እያንዳንዱን እርምጃ ለክታ አስኬደችው። በመጨረሻው ፎቶ እጁን በሩ ላይ አሳረፈችና ዘወር አለች። ካሜራ ጀርባ መቆም ጥሩ ነው፤ የኔን ፊት ያየ የለም።

ሰሎሜ ወዲያው ደወለች። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ኮት አለው፣ በሩ ጋ ሲደርስ የለውም። ተሳስታችኋል፣ ይስተካከል።» አይስተካከልም አልኳት። ምክንያቱን ስነግራት እንዳለ ይሂድ አለች።

ከመስከረም ጀምሮ በየቅዳሜው ይታያል። የቢቸና ልጆች ተከራከሩበት። አንዱ ሞቆት ነው ይላል፣ ሌላው ለበረደው ሰው ሰጥቶት ነው ይላል። አየሁሽ በረንዳዋ ላይ ናት። አይሱዙ ሲያልፍ እግሯ አሁን አይቆምም፤ እኔ ነኝ ቀና ብዬ የማየው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ከትንሽ ልጇ ጋር ዩኒፎርም ልታሳጥር መጣች። ልጅቷ አሻንጉሊቶቹን የሠራችው አየሁሽ እንደሆነች ሰምታለች።

«አባትየው ኮቱን የት ጣለው?» አለቻት።

አየሁሽ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«አልጣለውም» አለቻት። «ሞጣ ነው፣ እናቱ ጋ።»